ጨው የበዛበት ሳምቡሳ

ከሁሉ በፊት ሳምቡሳው ጨው የበዛበት ቀን ግቢያችን ውስጥ ማን ማን እንደነበርን ልናገር። ድሬ ውስጥ አንድ ነገር ሲሳካ መቶ ሰው «እኔም ነበርኩ» ይላል፤ ሲበላሽ ግን ማንም አልነበረም።

አባቴ ነበረ፤ ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሽርጥ ታጥቆ፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱ ላይ ትሪ አድርጎ። እናቴ ነበረች፤ ሽንኩርቱን የከተፈችው እሷ ናት፣ እንባዋም የሽንኩርት ነበር። ይህን የምጽፈው በኋላ ሌላ ነገር ያወሩ ስላሉ ነው። ኤዶ ነበረች። ኤዶ በሶማልኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ እሷ ግን የማንም እህት ሳትሆን ጎረቤታችን ናት፤ አባቴን ጨምሮ ግቢው በሙሉ ኤዶ ይላታል። ቀኝ እጇ ከአይበሉባዋ እስከ ክርኗ በጀሶ ታስሯል። የኤዶ ፍየል ነበረች፤ ነጭ ናት፣ አንድ ጆሮዋ ብቻ ቡናማ። እኔ ነበርኩ፤ ከሰሉንና ዘይቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። የአባቴ ጓደኛ፣ የድሮው የባቡር ሹፌር፣ ደግሞ በግማሽ ነበረ፤ እግሩ ከአጥሩ ውጭ፣ አንገቱ ከአጥሩ ውስጥ።

ስም አልጽፍም። ሰፈሩ ያውቀናል፤ ለማያውቀን ደግሞ ስማችን ምንም አይጨምርለትም።

አባቴ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። በባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ ብረት ሲያሾር ነው ጉልምስናው ያለፈው። የድሮው ባቡር ቆመ፤ አዲሱ ሲመጣ ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሎ ተሠራ፤ የአባቴን ዓይነት እጅም አልፈለገም። እዚህም እዚያም የበር ብየዳ ሲሠራ ከረመ፤ ቀጥሎ ዓይኑ እንቢ አለው። ከዚያ በኋላ የነበረው ካርታ ነው። ከሹፌሩና ከሌሎቹ የባቡር ሰዎች ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ካርታ ይጫወታል፤ በቀትር ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ እንደ ሰው ቤት ገብቶ ይተኛል፤ ከተማው ሲነቃ ተመልሶ ይቀመጣል። ሰዎች ሲያስተዋውቁት «ቶርኖ ነበር» ይሉታል። እሱም ራሱን «ነበርኩ» እያለ ነበር የሚጠራው። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ አረጀ አይባልም፣ አዲስ ነገር ይጀምራል ብሎ የጠበቀም የለም።

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ኤዶ የታጠበ ሲሚንቶ ላይ አንሸራቷት ወደቀችና እጇ ተሰበረ። ኤዶ የሰፈሩ ሳምቡሳ ናት። ሌላ ቤት ሳምቡሳ አይጠበስም ማለቴ አይደለም፤ ይጠበሳል፤ ነገር ግን ልጆች «ሳምቡሳ ገዝታችሁ ኑ» ተብለው ሲላኩ ወዴት ብለው አይጠይቁም። እጇን አስራ በሯ ላይ ስትቀመጥ መንገደኛው ሁሉ «አፉ ይበልሽ» ካለ በኋላ ዓይኑን ወደ ባዶው መጥበሻ ያዞር ነበር።

አባቴ የሄደው የምድጃዋን እግር ሊጠግንላት ነው። እግሩን አስተካከለና አልተነሣም። ሊጡን አየው። ኤዶ በግራ እጇ እየታገለች ስትዳምጠው አየ። መዳመጫውን ወሰደባት።

የሳምቡሳ ሊጥ ለማያውቅ፦ ስስ ተደርጎ ይዳመጣል፤ ሁለት ሦስቱ ዘይት ተቀብቶ ይደራረባል፤ ምጣድ ላይ ለጥቂት ሞቅ ይደረግና ይላቀቃል። ከዚያ እንደ ጥብጣብ ይቆረጣል፤ ጥብጣቡ ደግሞ በሦስት ማእዘን ይታጠፋል፤ ውስጡ ምስር ይገባበታል፤ ጫፉ በዱቄትና በውሃ ይታሸጋል። ኤዶ ይህን ሁሉ የምትሠራው እያወራች፣ ፍየሏን እየተሳደበች፣ ዓይኗን ከመንገድ ሳትነቅል ነው። አባቴ ግን የቆርቆሮ ቁራጭ ፈልጎ፣ በመቀስ ቆርጦ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሶ ልክ ሠራ።

«ወርያ፣ ምን እየሠራህ ነው?» አለችው። ወርያ ማለት አንተ ሰውዬ እንደማለት ነው፤ ኤዶ ለአምስት ዓመት ልጅም፣ ለአባቴም፣ ለሰፈራችን ሽማግሌ ለሐጂውም ያው ናት።

«ልክ እያወጣሁ።»

«የምን ልክ? ሳምቡሳ እኮ ነው፣ ባቡር አይደለም።»

«ባቡርም በልክ ነው የሚሄደው።»

«ታዲያ የታል ባቡርህ?»

እናቴ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ አቆመች። ያቺን ነገር ፊት ለፊት የጠየቀው ሰው አልነበረም። አባቴ ቆርቆሮውን አገላብጦ አየና ሳቀ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ይኸው!» አለና የመጀመሪያዋን ሳምቡሳ ትሪው ላይ አስቀመጠ። ሦስቱም ጎኗ እኩል ነበር። በኋላ ለክቼዋለሁ።

ረመዳን ሲገባ አባቴና ኤዶ የግቢያችን በር ላይ ተቀመጡ፤ እሱ እያጠፈ፣ እሷ እያወራች። መጀመሪያ ሰው የመጣው ለመግዛት ሳይሆን ለማየት ነው። ወንድ ልጅ፣ ያውም የባቡር ሰው፣ ሽርጥ ታጥቆ ሳምቡሳ ሲያጥፍ! ሹፌሩ በየቀኑ በአጥሩ ላይ ብቅ ይል ነበር። የባቡር ሰዎች ከፈረንሳዮቹ የተረፈ ቃል አላቸው፤ እርስ በርሳቸው «ሙሴ»፣ ጌታዬ እንደማለት፣ ይባባላሉ።

«ሙሴ! ቶርኖህ ላይ ብረት ነበር የሚገባው፤ አሁን ቃሪያ ገባ?»

«ግባና እጠፍ።»

«እኔ? እኔ የምይዘው ካርታና መሪ ብቻ ነው።»

«ባቡር መሪ አለው እንዴ?» አለች ኤዶ።

«አንቺ ዝም በይ፣ አቦ! በአንድ እጅሽ እንዲህ ከሆንሽ በሁለቱ ምን ልትሆኚ ነበር?»

ሄደ ብለን ስናስብ ተመልሶ «ግን ሽታው አይከፋም» ይላል። የሹፌሩ ነገር እንዲህ ነው። ጾም ሐኪም ከልክሎኛል ይላል፤ የትኛው ሐኪም እንደሆነ ግን ተናግሮ አያውቅም።

አሁን ስለ ካፖርቱ ልናገር። እናቴ የአጎት ልጅ አላት፤ ሳቢያን ሰፈር ካለ መጋዘን የሚሠራ ደግ ሰው። ለአባቴ የጥበቃ ሥራ አገኘለትና ሥራው ከመጀመሩ በፊት ካፖርቱን ላከለት። ካኪ ነው፤ ወፍራም፣ አንገቱ የሚቆም፣ ከሆነ ብርዳም አገር የመጣ። ሰው ከሙቀት ሸሽቶ አልጋውን ደጅ አውጥቶ በሚተኛበት ከተማ ያንን ካፖርት የሚለብስ ዘበኛ ሌባ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው። ቢሆንም ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቀለ፤ በር በተከፈተ ቁጥር እጅጌው ይወዛወዛል።

እናቴ ሳምቡሳውን አልጠላችም። ያለችው አንድ ነገር ነው። «ረመዳን ወር ነው። ከዚያስ?»

አባቴ ሁለት ቀን አሰበና መልስ ሳይሆን ውል ይዞ መጣ። በየረመዳኑ ሰፈራችን አንድ ቀን መንገድ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ በጋራ ያፈጥራል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠራል። የዚያን ቀን ሳምቡሳ ከኤዶ ታዟል፤ ማለትም ከአባቴ። «ያ ቀን ካማረ ካፖርቱን መልሺለት» አላት። «ከተበላሸ በማግስቱ ለብሼ እሄዳለሁ። አልነጫነጭም።» እናቴም «እሺ» አለች፤ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ግን የሳምቡሳው ነገር ከአባቴ ይልቅ እሷን ያስጨንቃት ጀመር።

ስህተቱ የመጣው ከጨው ነው። ከኛ ግቢ በቀር ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ስህተት መፈጠሩን እንጃ።

በኛ ግቢ ምላስ እንዋዋሳለን። ኤዶ ጾማ ስታበስል ጨው የምትቀምስላት እናቴ ነበረች፤ እናቴ በረቡዕና በዓርብ ጠዋት የምስር ወጥ ስትሠራ ደግሞ የምትቀምስላት ኤዶ። «ዋላሎ፣ ምላስሽን አምጪ!» ይባባላሉ፤ ዋላሎ እህቴ ማለት ነው። ረመዳን ከፋሲካ በኋላ ይመጣ በነበረባቸው ዓመታት ይህ ሥርዓት እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር። ነገር ግን ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ተንሸራቶ ተንሸራቶ ሑዳዴ ላይ ወደቀ። ኤዶ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ አትቀምስም፤ እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም። ሼኩ ለኤዶ በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት እንደሚፈቀድ ነግረዋት ነበር፤ እሷ ግን «እኔ ምላሴን አውቀዋለሁ፣ አንዴ ከጀመረ አይመለስም» አለች። የጎረቤት ልጆችን ሞከርን፤ ልጅ ሁሉንም «ይጣፍጣል፣ ድገሙኝ» ነው የሚለው።

አባቴ ደግሞ ከሁሉም ባሰ። በሑዳዴ ሕግ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መብላት ይችላል። ግን ከረመዳን የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ «ሴትዮዋ አጠገቤ ተርባ ቁጭ ብላ እኔ አልበላም» አለና እሱም እስከ መግሪብ መጾም ጀመረ።

የጋራ ማፍጠሪያው ቀን ጠዋት ኤዶ «ያንን የማይጾም ጓደኛህን ጥራውና ይቅመስልን» አለችው።

«እሱ ቀምሶ አይደለም የሚሄደው፣ ስቆ ነው» አለ አባቴ።

«ይሳቅ! ሳቅ ጨው ያበዛል እንዴ?»

«አልጠራውም አልኩሽ።»

ሹፌሩ እኮ ሩቅ አልነበረም። አንገቱ አጥሩ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አባቴ ያችን ቃል ከማውጣት ይልቅ ጨዉን በልኬት ሊጨርስ ወሰነ። ከወርክሾፑ ዘመን የቀረች፣ እሱ ራሱ ያሾራት የነሐስ ክዳን አለችው፤ በሷ አንዴ ሰፍሮ ምስሩ ውስጥ ጨመረ፣ አማሰለ፣ ክዳኗን በሽርጡ ጠርጎ ኪሱ ከተተ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ እኔን ዘይት እንዳመጣ ላከኝ፤ እሱም ዱቄት ሊያስነፋ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በወሬ ነው የማውቀው። ኤዶ ወደ ድስቱ መጣች። «ወንድ ልጅ ጨው አያስታውስም» አለችና በግራ እጇ አንድ ጭብጥ በተነችበት። በግራ እጅ የተያዘ ጭብጥ ልኩ ስለማይታወቅ አንድ ደገመችበት። ይህን እሷ ራሷ አምናለች። ሦስተኛው ጨው ግን የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ወደሱ እመለሳለሁ።

ሲታጠፍና ሲጠበስ ዋለ። አባቴ ሳምቡሳዎቹን በሦስት ትልልቅ ትሪ ላይ ከመሀል ጀምሮ በክብ በክብ ደረደራቸው፤ ጫፋቸው ሁሉ ወደ ውጭ፣ እንደ ማርሽ ጥርስ። እናቴ ቅዳሴ ሄደች። እኔስ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ለምን አልቀመስኩም? የሚጠይቅ አይጠፋም። ጠብሼ ካወጣሁት አንዷን ላነሣ እጄን ስዘረጋ አባቴ «ተው!» አለኝ። «አንድ ካነሣህ ዙሩ ይጎድላል።» አየሁት፤ እውነቱን ነው፣ ይጎድላል። ተውኩት። መዓዛው ደግሞ የከሙንና የቃሪያ ነበር፤ ምንም የሚያስጠረጥር አልነበረውም። ጨው አይሸትም።

መንገዱ ላይ ምንጣፉ ከተነጠፈ በኋላ ደረስን። ተምር አለ፣ ሾርባ አለ፣ ውሃ በጆግ በጆግ አለ። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላ። አባቴ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከግድግዳው ጋር ቆመ፤ ቁጭ በል ቢሉት እንቢ አለ። ሦስቱን ትሪ መሀል ላይ ስናስቀምጥ ሰው «ማሻአላህ!» አለ። አንዱ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣ። እናቴ ከሴቶቹ መሀል ሆና ወደ አባቴ አየች፤ ፈገግ ማለቷ ባይታወቅባትም ነጠላዋን አስተካከለች።

አዛን ተባለ። ተምር ተበላ፣ ውሃ ተጠጣ። ከዚያ ሐጂው፣ ጺማቸውን ሂና የሚቀቡት ሽማግሌ፣ አንዷን ሳምቡሳ አነሡና ገመጡ።

ማኘኩን አቆሙ።

ሳምቡሳዋን ከዓይናቸው አርቀው አዩዋት። ጆጉን ሳቡ። ከአጠገባቸው ያለውም ጆግ ሳበ። ከዚያ ያኛውም። ያ ረድፍ በሙሉ ውሃ እየጠጣ ማንም ምንም አይናገርም፤ ከሰው ቤት የመጣን ነገር መጥፎ ነው የሚል አፍ የለማ። አባቴ ፊታቸውን ያነባል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ።

ሹፌሩ የምግብ ሰዓት ባቡር አምልጦት አያውቅም። ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ደረሰ፣ አንዷን አንሥቶ ግማሿን ጎረሰ። ዓይኑ ፈጠጠ።

«ሙሴ!» አለ በመንገዱ ሁሉ እስኪሰማ። «ከጂቡቲ ጨው ስጭን ኖሬ እንዲህ ያለ ጨው አልቀመስኩም! ባሕሩን ነው እንዴ ያጠፍከው?»

መጀመሪያ አንድ ልጅ ሳቀ። ቀጥሎ ከሴቶቹ ወገን። ቀጥሎ መንገዱ በሙሉ። አባቴ ከግድግዳው ተላቅቆ ወደ መሀል መጣ፤ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቆመ። በአማርኛ «ይቅርታ፣ ጨዉን ያበዛሁት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ያንኑ በሰባራ ሶማልኛው ደገመው፤ ሶማልኛው ሳቁን አባሰው።

ኤዶ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች፤ በጀሶው እጇ እየጠቆመች። «ዋሾ! እኔ ነኝ ያበዛሁት!»

«እኔ ነኝ አልኩ።»

«በምንህ? በዚያች በጠርሙስ ክዳንህ? የኔ ጭብጥ ነው! ወላሂ የኔ ነው!»

«የጠርሙስ ክዳን አይደለም፣ ነሐስ ነው!»

ሁለት ሰዎች ጨው ያበዛሁት እኔ ነኝ እኔ ነኝ እያሉ በሰው ፊት ሲጣሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሐጂው እጃቸውን አነሡ። «ሁለታችሁም ተቀመጡ። የዛሬው ጨው ለሳምንት ይበቃናል። ነገ ያለ ጨው አምጡ።»

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ኤዶ ፈጥና ሳምቡሳዎቹ ሾርባው ውስጥ እንዲፈረፈሩ አደረገች፤ ሾርባው ውሃ ውሃ ይል ስለነበር ተስማማው፤ እንዲያውም ሁለተኛ ሳህን የጠየቀ ነበር። ትሪዎቹ ባዷቸውን ተመለሱ።

አባቴ ባዶ ትሪ ተሸክሞ ሲሄድ «ይሉኝታ ነው» አለኝ። «ሰው እንዳይከፋው ነው የበሉት።»

በማግስቱ ጠዋት ካፖርቱን ከምስማሩ አወረደ። እናቴ «ተወው፣ ነገ ትሄዳለህ» አለችው። እሱ ግን ውል ውል ነው አለ። ለበሰው። እጅጌው እስከ ጣቶቹ ጫፍ ይደርሳል፤ አንገቱ ጆሮውን ይሸፍነዋል። ኤዶ በሯ ላይ ሆና አየችው፤ መጥበሻዋን አንሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ያ ከስድብ ሁሉ ይከብድ ነበር። እኔ አብሬው ወጣሁ፤ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን የሳቢያን ሚኒባስ ልንይዝ ነው።

ያ መንገድ ረጅም አይደለም፤ ያን ቀን ግን ረዝሞ ነበር። አንድ የባጃጅ ሹፌር ፍጥነቱን ቀንሶ «አባት፣ ጨው አለ?» ብሎ አለፈ። ባለሱቋ ከመደርደሪያዋ ጀርባ «ወርያ፣ ልጄ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ አደረ!» አለች። ልብስ ሰፊው የልብስ ስፌት ማሽኑን አቁሞ «ምነው ካፖርት? በረዶ ሊጥል ነው?» አለ። አባቴ ለሁሉም እጁን እያነሣ ያልፋል። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ አልቻለም፤ ካፖርቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለው። ከታች ደቻቱ ደርቆ አሸዋው ያንጸባርቃል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

ሐጂው በከዘራቸው እየተደገፉ ከማዶ ይመጡ ነበር። መሀል ድልድዩ ላይ ተገናኘን።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ሳቢያን። ሥራ ልጀምር።»

«የምን ሥራ? ዛሬ አምጣ አላልኩህም?»

«ቀልድ መስሎኝ ነው።»

«በረመዳን ስለ ምግብ አልቀልድም።» አባቴን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ካፖርቱንም አዩት። «ባለቤቴ አንዷን ይዛ ገብታ ለልጆቿ እያሳየች ነው። እንዲህ እኩል የሆነ ማእዘን አይቼ አላውቅም አለች። እጅህ ጥሩ ነው። ጨዉን ብቻ ለሌላ ሰው ስጠው።»

ይህን ብለው ከዘራቸውን አንሥተው አለፉ። ማጽናናት መስሎ እንዳይታይ ይሆናል፣ ወደ ኋላ እንኳን አላዩም።

አባቴ የድልድዩን ብረት ይዞ ቆመ። ሚኒባስ መጣ፤ ረዳቱ «ሳቢያን! ሳቢያን!» እያለ ጮኸ፤ ሄደ። ሁለተኛው መጣ፤ ሄደ። አባቴ ዘወር አለና ጠየቀኝ።

«ቤት ሽንኩርት አለ?»

«የለም» አልኩት። «ትናንት አለቀ።»

ወደ ቀፊራ ገበያ ተመለስን። ገበያው ገና እየሞቀ ነበር። ሽንኩርት መረጠ፤ እንደ ልማዱ አንድ በአንድ እያገላበጠ፣ ሻጯ እስክትሰለቸው ድረስ። መያዣ አልያዝንም። ካፖርቱን መሬት ላይ ዘረጋው፣ ሽንኩርቱን መሀሉ ላይ አፈሰሰ፣ እጅጌዎቹን አስሮ አንገቱን ያዘው። እኔ በአንድ ወገን፣ እሱ በሌላ ወገን አንጠልጥለነው ሄድን።

ግን ቀጥታ ቤት አልገባንም። ወደ ካርታው ዛፍ ነው የሄድነው። ሹፌሩ ካርታ እያደባለቀ ነበር። አባቴ ሽንኩርቱን አወረደና ፊቱ ቆመ።

«ምላስህን ፈልጌ ነው» አለው።

«ለምን?»

«ለጨው።»

ሹፌሩ ካርታውን አቆመ። ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ አባቴን አየውና ዘጋው። «ደመወዙ?»

«ሳምቡሳ።»

«ጾም ነው እኮ።»

«የማን ጾም?»

ዛፉ ሥር ያሉት ሁሉ ሳቁ። ሹፌሩ «ሐኪሙ ይፍቀድልኝ እንደሆነ ልጠይቀው» አለ፤ ከሰዓት በኋላ ግን የራሱን ወንበር ተሸክሞ በግቢያችን በር ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንገቱ አጥር ላይ ታይቶ አያውቅም። ድስቱ አጠገብ ተቀምጦ በማንኪያ ይቀምሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እንደ ጣቢያ ኃላፊ እጁን አንሥቶ «ይሂድ!» ይላል።

እናቴ ካፖርቱን አጥባ ለአጎቷ ልጅ መለሰችለት። ደግ ሰው ነው ብዬ የለ፤ ምንም አልተቀየመም። ብቻ ደውሎ «ይህን ካፖርት ስለብስ ለምንድን ነው የሚርበኝ?» አላት። ሁለት ጊዜ ቢታጠብም ሽንኩርቱ አልለቀቀውም።

ረመዳን አለፈ፤ ፋሲካም አለፈ። የእናቴ «ከዚያስ?» በሩ ላይ መልስ አግኝቷል። አባቴ ከአሮጌ ብረት የመሸጫ ጠረጴዛ ሠርቷል፤ ጠዋት ከጥራጥሬ ሊጥ የሚጠበስ ባጊያ፣ ከሰዓት ሳምቡሳ። የኤዶ እጅ ድኗል፤ ግን አታጥፍም። «ቶርኖ እያለ እኔ ለምን?» ትላለች። «ነበር» የምትለዋን ቃል አውጥታ ጥላታለች።

የሦስተኛው ጨው ነገር ግን አልተፈታም። የአባቴ ክዳን አንድ ነው፤ የኤዶ ጭብጥ ሁለት ነው፤ የዚያን ቀኑ ምሬት ግን ከዚያ በላይ ነበር፤ ሹፌሩ በምላሱ ይምላል። እናቴን ስጠይቃት «እኔ ሽንኩርት ነው የከተፍኩት» ትልና ሌላ ወሬ ታነሣለች። አባቴ «ተዋት» ይለኛል። ኤዶ ፍየሏን ትጠቁማለች።

እንግዲህ ያን ቀን ግቢያችን የነበራችሁ፣ በአጥሩ ያለፋችሁ፣ ዱቄትም ከሰልም ልትዋሱ ብቅ ያላችሁ፦ ድስቱ አጠገብ ማንን አያችሁ? መንገዱ ላይ ካፈጠራችሁትም፣ ፎቶ ያነሣው ልጅ ይህን ካነበበ ትሪዎቹን ያሳየኝ፤ የውጪው ዙር ጫፎች በእርግጥ ሁሉም ወደ ውጭ ነበሩ ወይስ አንዷ ተዛንፋ ነበር? አባቴ አንዷ ተዛንፋ ነበር ይላል። እኔ አላስታውስም። የሚያስታውስ ካለ በሩ ላይ ነን፤ ብቅ ይበልና ይንገረን። ጨዉ አሁን ልክ ነው።